ጢም ያሉ ሱቆች

ገበያው የቀዘቀዘ ሰሞን፣ ሀዋሳ አዲስ ከተማ ያለችው ሱቄ ባዶ እንዳትመስል ብዬ ባዶ የሳሙና ካርቶኖች እስከ ጣሪያ ደረደርኩ። አንድ ቀን አንዲት እናት መጥተው አንድ ካርቶን ሳሙና ፈለጉ። "አለ እማማ፣ ይቀመጡ" ብዬ፣ እንደ ልማዳችን ከጎረቤት ላመጣላቸው ወጣሁ።

የጎረቤቴ የከድር ሱቅ ጢም ብሏል። ሳሙና ስጠይቀው ዓይኑን ወደተደረደሩት ካርቶኖች ላከ። ራሴ ላወርድ አንዱን ብይዘው ካርቶኑ እንደ ላባ ተነሳ።

"ያንተም?" አልኩት።

"የሁላችንም" አለኝ ማዶ ያሉትን ሱቆች በአገጩ እያሳየኝ። "ከነገ ጀምሮ ትንሽም ብትሆን ዕቃ በጋራ እናምጣ፤ ያለንን ብቻ እናሳይ።"

ልመልስለት ስል ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጣ። ከዳር እስከ ዳር የየሱቁ ካርቶን እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ዞር ስል እማማ ሱቄ በር ላይ ቆመው፣ ጆሯቸውን ጥለው ያዳምጣሉ።