ያዳናት ሰው ያስነሳት

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እናንተም ከኋላ ቆማችሁ የምትሳሳቁ የጥገና ክፍል ጉዶች፤

ሥራ አቁማችሁ እኔን በጡረታ ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህ የሳሙና ማምረቻ ቆሞ ማንም ያልጮኸብኝ ዛሬ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት የሰው ኃይል ኃላፊያችን መጠይቅ ይዛ መጣች። «ጋሼ ብሎን፣ ድርጅቱን ምን ያህል እንደ ቤትዎ ያዩታል? ከአምስት ስንት ይሰጡታል?» አለችኝ፣ በቅጽል ስሜ ጠርታ።

«ልጄ፣ እኔ ራሴ ቤቴ ውስጥ ከሁለት አልፌ አላውቅም» አልኳት። ሳቀች፤ ግን ጻፈችው።

ጥያቄዋ ጥሩ ነው። ሰው ለምን አንድ ቦታ ይቆያል? ድርጅታችን እኛን ለማቆየት ያልሞከረው የለም። «አንድ ቤተሰብ ነን» የሚል ካናቴራ አደለን፤ ከሆዴ በታች አልወርድ ስላለ ማሽን ወለወልኩበት። የወሩን ምርጥ ሠራተኛ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ እኛ ወረፋ መስሎን «የኔስ ወር መቼ ነው?» እንል ነበር። የሐሳብ መስጫ ሣጥን አቆመ፤ እኔም «የሣጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ብዬ ጽፌ ከተትኩ። መልሱን አሁንም እየጠበቅሁ ነው።

አለቆቼ፣ አትቀየሙኝ። ክፋት አልነበረበትም። እናንተ ፍቅር ብላችሁ የላካችሁት እኛ ዘንድ ሲደርስ ካናቴራ ሆነ እንጂ።

እኔን ያስቀረኝ ሌላ ነው። በአራተኛው ዓመቴ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ በቱታዬ ኪስ ይዤ ነበር። የዚያን ቀን የመቁረጫ ማሽኗን ለሦስተኛ ቀን ስፈታ፣ ስገጥም ዋልኩ። ልክ ሲያልቅ የያኔው ሥራ አስኪያጅ እንግዶች አስከትለው መጡና ጣታቸውን ወደ ማስነሻው ሰደዱ። የክፍላችን ኃላፊ፣ ነፍሷን ይማርና፣ መሃል ገባች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እኛ ጋ ያዳናት ሰው ነው የሚያስነሳት።»

እንዲህ ያለ ደንብ ኖሮን አያውቅም! እዚያው ፈጠረችው።

ግራሶ በጠጣ ጣቴ ተጫንኩት። ማሽኗ ተነሳች፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ደብዳቤውን ረሳሁት። ባለቤቴ ቱታውን ስታጥብ ኪሱ ውስጥ ሟሟ፤ ያውም በራሳችን ሳሙና።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ የምር ደንብ ሆነ። በገዛ ጣቱ የሚያስነሳትን ማሽን ብሎኗን ሳያጠብቅ የሚተው ሰው እኔ አላየሁም። እናንተን ሳይ ደረቴ የሚነፋው በዚህ ነው።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሰኞ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን «ከጥገና በኋላ ማሽን የሚያስነሳው የፈረቃ ኃላፊ ብቻ ነው» ይላል። ለሥርዓት ብላችሁ ነው፤ ይገባኛል። ኃላፊው አጠገብ ቆሞ ይመልከት፣ ይፈርም። ጣቱ ግን የጠጋኙ ይሁን። የሸለማችሁኝን ሰዓት በደስታ አስራለሁ፤ ዋናው ስጦታዬ ግን ይቺ ትሁንልኝ።

በእሺታ ራስዎን ነቀነቁ? አየሁ! መቶ ምስክር አለኝ።

እንግዲህ በፕሮግራሙ ላይ የታደሰችውን መጠቅለያ ማሽን እኔ እንዳስነሳት ተጽፏል። ትልቅ ክብር ነው፤ ግን ያዳንኳት እኔ አይደለሁም። ሁለት ሳምንት የማሽኗ ሆድ ውስጥ ተቀብራ የከረመችው እዚያ ከምሰሶው ጀርባ የተደበቀችው የኤሌክትሪክ ባለሙያችን ናት።

ወዳጆቼ፣ ጤናና ዕድሜ አይለያችሁ። ማለዳ ስትወጡ ደስ ብሏችሁ ውጡ፤ ማታ በሰላም ግቡ። እጃችሁ የነካው ሁሉ ይነሳላችሁ።

ነይ እንጂ ልጄ፣ ምን ያሳፍርሻል? እጅሽን አትጥረጊው፤ እንዳለ ይሁን። ተጫኚው!