ይህ ቦይ ስንት ሄክታር ያለማል?

ክቡር ዲን ዶክተር አማረ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የወርክሾፕ ባልደረቦቼ፤ ደክማችሁ ይህን የጡረታ ሽኝት ስላሰናዳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። የካፌዋ የብርጓል «ሳይበላ ንግግር የለም» ብላኝ ነበር። በልቻለሁ፤ አቅም አለኝ፤ እንግዲህ ቻሉኝ።

ለአዲሶቹ፣ እንዳላማው እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በቴክኒሻንነት ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻውን ስድስት ዓመት ከሌዘር መቁረጫው ማሽን ጋር። ሥራችን ምንድን ነው? የክብሪት ቀፎ በምታህል ስስ ፕላስቲክ ላይ፣ ከሁለት የፀጉር ዘለላ የማይሰፋ ቦይ በጨረር መቅደድ። በቦዩ አንዲት ጠብታ ደም ትሄዳለች። ጫፉ ላይ ካለው ኬሚካል ስትደርስ ቀለሟ ይለወጣል፤ ነፍሰ ጡሯ ደም ማነስ ይኑርባት አይኑርባት እዚያው ይታወቃል።

ፕላስቲኩ እንዲገዛልን ስጠይቅ የሆነውን ታስታውሳላችሁ? «ለቦይ ሥራ» ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤው ዞሮ ዞሮ መስኖ ክፍል ገባ። በሁለተኛው ወር መልስ መጣ፤ «ቦዩ ስንት ሄክታር እንደሚያለማ ተገልጾ ይቅረብ።» አትሳቁ! እዚያው ጀርባው ላይ «አንዲት እናት» ብዬ ጽፌ መለስኩት። ለጥጋቤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ፕላስቲኩ ግን ተገዛ።

ከዚያ ደግሞ ቦዩ እምቢ አለ። ጨረሩ ሲበረታ ፕላስቲኩ እየቀለጠ ዳር ዳሩ ይሻክራል፤ ጠብታዋ መንገድ ላይ አረፋ ይዛ ትቆማለች። ስልሳ ሰባት አበላሸሁ። ያቃናችው ያቺ ከኋላ የተደበቀችው ረዳቴ ጀነት ናት፤ የጨርቅ ነጋዴው የአብዱልአሊም ልጅ።

«ጋሽ እንዳላማው፣ ምን ያስቸኩላል? ኃይሉን ቀንሰን ሦስቴ እንመላለስበት» አለችኝ።

«ደግሞ አንቺ ልታስተምሪኝ?» አልኳት።

ሞከርነው፤ ጠብታዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። ያን ቀን ይቅርታ መጠየቅ ከበደኝ። ዛሬ በሰው ፊት እጠይቅሻለሁ፤ ይቅር በይኝ ልጄ።

ባለፈው ሳምንት ኮሚቴው ወሰነ። እኔ ስወጣ ማሽኑ የዋንጫ ጽሑፍና የበር ስም ሰሌዳ ይቅረጽበት ተባለ፤ ለምን ቢሉ «ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም»። የለም? አምና ወደ ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ የሄዱትን መቶ ሃያ የደም መመርመሪያዎች ማን ቆረጣቸው? እኔ ወገቤን ታምሜ ስተኛ፣ ጀነት ብቻዋን ቆረጠቻቸው። አንዷም አላፈሰሰችም! ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ከዚህ ደጅ ግን አይቆረጥም።

ዶክተር፣ እርስዎን አከብራለሁ። ትናንት ግን «ማሽኑን ለንብረት ክፍል ያስረክቡና ክሊራንስዎ ያልቃል» አሉኝ። ለንብረት ክፍል አላስረክብም። ጡረታዬ ይዘገያል? ይዘግይ! የጎጃም ሰው ነኝ፤ ድንች እየበላሁ እጠብቃለሁ።

የርክክቡ ቅጽ ይኸውና። «ተረካቢ» በሚለው ቦታ ጀነት ብዬ ጽፌያለሁ፤ እኔም ፈርሜያለሁ። ነይ ልጄ፣ ፈርሚ። እንደዚያ ያለ ቀጭን ቦይ የቆረጠ እጅ ለፊርማ ይሰንፋል? ጎሽ!

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ እጃችሁ አይዛል። መብራት ሥራ መሃል አይጥፋባችሁ። ልጆቻችሁ ከእናንተ በልጠው ያስተምሯችሁ፤ እናንተም እንደኔ አትቆጡ። በሥራችሁ የሚታከመው ይዳን፣ የምትቆርጡት ይስመር። አሜን በሉ እንጂ!

እርስዎ ይቆዩ ዶክተር፤ እስክሪብቶው ይኸው፣ «ያጸደቀው» የሚለው ቦታ ገና ባዶ ነው፤ አሜን የሚሉት ከፈረሙ በኋላ ነው።