ዕቃ የሚመልሰው ዘመዳችን

ቀበቶ ማለት፣ ልጄ፣ ከቆዳ ወይም ከጠንካራ ክር የሚሠራ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር፣ ሁለት ጫፍ ያለው ነገር ነው። ሥራው እንደ ባለቤቱ ይለያያል። ለአንዱ ሱሪ ይይዝለታል፤ ለሌላው፣ ለምሳሌ ከፎቅ ተንጠልጥሎ ግድግዳ ለሚቀባ ሰው፣ ሕይወቱን ይይዝለታል። ይይዝለታል ስል… ሊይዝለት ይገባል ማለቴ ነው። አትፍረጂብኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ ቃል ሳልፈታ ጨዋታ መጀመር አልችልበትም።

ቢሮአችሁ ግን እንዴት ያምራል። ወንበሩም ይመቻል። የጠበቃ ጸሐፊ መሆን አይከብድም? ቀኑን ሙሉ የሰው ችግር ስትሰሚ መዋል… እኔም ልጨምርብሽ ነው እንግዲህ። ምራታችን ውስጥ ከጠበቃው ጋር ተነጋግራ እስክትወጣ ጊዜ አለን። እኚያ ጥግ የተቀመጡትን ሰውዬ እንረብሻቸው ይሆን? አይመስለኝም። እሳቸው እስክሪብቶአቸውን ጠቅ ጠቅ ያድርጉ፤ እኛ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው።

አንድ ዘመድ አለን። ታማኝ ነው ብልሽ አይበቃም። ታናሽ ወንድሙ፣ ቀለም ቀቢው የእህቴ ልጅ፣ ሥራ ላይ እንዳለ ቀበቶው ተበጥሶ ከፎቅ ወደቀ። ሆስፒታል ስንደርስ አልቆ ነበር። ነርሷ ልብሱንና ቀበቶውን ለታላቅየው አስረከበችው፤ የተበጠሰው ጫፍ እንዳይጠፋ ለብቻው ቋጥራ። አንቺ ብትሆኚ ያንን ቀበቶ ምን ታደርጊው ነበር? እኔ ብሆን ታቅፌው እቀመጥ ነበር። እኔ እንግዲህ ሞኝ ነኝ። እሱ ግን አሳቢ ሰው ነው… ለቀስተኛው ገና ከቤት ሳይወጣ ተነሥቶ ሄደና ቀበቶውን ለወንድሙ አሠሪዎች መለሰላቸው። «የሰው ዕቃ እኛ ቤት አያድርም» አለን። እንባችንን ጠርገን አመሰገንነው። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?

ድርጅቱም ውለታ አይረሳም። እዚያው ግቢ ውስጥ የበር ጥበቃ ነበር፤ ሳይውል ሳያድር የመጋዘን ኃላፊ አደረጉት። ሌላው ሰው ወንድሙ ሲሞት ወገቡ ይቆረጣል። የእሱ ግን… ቀና አለ። ደስ አይልም?

አሁን ድርጅቱ «ሟች ቀበቶ አላሰረም፣ ጥፋቱ የራሱ ነው፣ አስሮ ነበር የምትሉ ቀበቶውን አሳዩን» ይላል። እንዲያም ሆኖ ለደግነት ያህል ትንሽ ነገር ለመስጠት ዝግጁ ነው፤ ምራታችን፣ የሟች ሚስት፣ ሁለተኛ አልጠይቅም ብላ ከፈረመች። ይህን መልእክት የሚያመላልሰው ማን ይመስልሻል? ያው ዘመዳችን። እግሩ አይደክመውም። ሴትዮዋ እንዳትቸገር ብሎ መፈረሚያ እስክሪብቶውን እንኳን ይዞላት ነው የሚመጣው።

ጠበቃው ግን ለነገር አይቸኩሉም። መፈረም ይቻላል አሉን፤ ከተፈረመ በኋላ ግን በሩ ይዘጋል። ፖሊስ የጀመረው የወንጀል ምርመራ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅም ይቻላል፤ የካሳው ክስ ግን የራሱ የጊዜ ገደብ አለው፣ እኛን ቆሞ አይጠብቅም። ወይም አሁኑኑ ካሳ መጠየቅ ነው። ከሳሾቹ ሚስትየው፣ ሁለቱ ሕፃናት፣ ሟች ይጦራት የነበረችው እናቱም ጭምር። እናቱ እንግዲህ የዚያ የዘመዳችንም እናት ናት። አጋጣሚ ነው።

«ቀበቶው በእጃችን ከሌለ በምን እንከራከራለን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ አሉ። ፍርድ ቤት ድርጅቱን «ቀበቶውን አምጣ» ብሎ ሊያዝ ይችላል አሉኝ። ድርጅቱ ማንን ይልካል? የመጋዘን ኃላፊውን። ጠፋ ካለ፣ ከራሱ እጅ ነው የጠፋው። አለ ካለ ደግሞ የተበጠሰውን ቀበቶ ይዞ ዳኛ ፊት ይቆማል። ነርሷም ለማን እንዳስረከበች፣ በምን እንደቋጠረችው ጭምር ታስታውሳለች። አየሽ ልጄ… እኛ የዋሆቹ ዘመዳችን የጎዳን መስሎን ነበር። ለካ ምስክር ሆኖ እየጠበቀን ነው።

ምነው እስክሪብቶው ዝም አለ? ሰውዬው ሞቋቸው ይሆናል፤ እስኪ መስኮቱን ከፈት አድርጊላቸው።

ይኸው ምራታችን ወጣች። ነይ የኔ ልጅ፣ እዚህ ተቀመጪ። አልፈረምሽም? ክሱ ነገ ይገባል? ጥሩ። በይ ውሃ ጠጪ።

ዘመዳችንን ግን በክፉ እንዳታነሡብኝ። በእጄ ያሳደግሁት ነው። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጠው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፤ ይደጉለት፣ ይዋደዱለት። ለአንዱ ክፉ ቀን የመጣበት ዕለት… ሌላው ልክ እንደ አባቱ ይሁንለት።

እንዴ፣ ሰውዬው ሄዱ? እስክሪብቶአቸውን ወንበሩ ላይ ረስተውታል። የድርጅቱ ስም ተጽፎበታል። አምጪው፣ እኔ እመልሰዋለሁ። የሰው ዕቃ እኛ ቤት አያድርም።