ቤታችን ቆርቆሮ የለበሰ ሰሞን

«ሳር ቤት ተወልደህ ሳር ናቅህ!» እያሉ አያ ተገኘ አባቴ ላይ ይጮኻሉ። ጎረቤታችን ናቸው። ዘመድ ጥየቃ ሰንብተው ሲመለሱ፣ አባቴ ከቡሬ ባስመጣው ቆርቆሮ ቤታችን ተመትቶ አገኙት። «እኔ ያንተን ስከድን፣ አንተ የእኔን ስትከድን አይደል የኖርነው? ይኸው ክረምቱ ደረሰ። የእኔን ጎጆ ማን ሊከድነው ነው?» እኔ ጠላ ልቅዳላቸው አልቅዳላቸው እያልኩ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እውነቱን ለመናገር ቆርቆሮውን ወድጄዋለሁ፤ ዝናብ ሲመታው ለመስማት ቸኩያለሁ።

አባቴ ሳቅ አለና እጃቸውን ያዘ። «ምን ሆነሃል ተገኘ? እኔው ነኛ የምከድንልህ! ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ። አንተ ደግሞ ብድር መመለስ የለብህም፤ እኔ እንደሆነ ከእንግዲህ የሚከደን ቤት የለኝ።» ይህን ያለው ከልቡ ነው፤ ደስ የሚላቸው መስሎታል። እኔም መስሎኝ እፎይ ብዬ ነበር። የአያ ተገኘ ፊት ግን ጠቆረ።

«በነጻ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንደ ለማኝ?»

«ኧረ እንደ ወንድም!» አለ አባቴ ደንግጦ።

አያ ተገኘ እጃቸውን ከአባቴ እጅ ቀስ ብለው አወጡና ቁልቁል ወደ ጎጇቸው ሄዱ።