ሁለቴ ተጠይቆ አንድ ዓይነት የመለሰው

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማነህ?… የሺዋስ? ያ የአዘዞው ተማሪ፣ ባለመጠይቁ? እኔ ነኝ፣ የኮሶዬው አያ ቢሻው። ምነው ጠፋህ ልጄ?

— ቆይ፣ አትቻኮል። ቆመህ ነው ተቀምጠህ?… እንግዲያው ወንበር ሳብና አረፍ ብለህ ስማኝ። የሽማግሌ ወሬ ቆመው አይሰሙትም።… ሸዋገነት፣ ያችን ዶሮ ከገብሱ ላይ አባሪልኝ፣ ስልክ ይዣለሁ።… እ፣ አሁን ንገረኝ።

— እህ… በሐምሌ ስትጠይቁን ደህና ነበርን፤ በነሐሴ ያንኑ ጥያቄ ደግማችሁ ስትጠይቁን አገሩ ሁሉ ታሞ ተገኘ። የፊተኛውና የኋለኛው ቃላችን አልገጠመም ነው የምትለኝ። አስተማሪህስ ምን አለ?… «ወይ ሰዎቹ ዋሽተዋል፣ ወይ የላክሃቸው ልጆች ጥላ ሥር ተቀምጠው ሞልተውታል»? አይ። ልጆቹ በዚያ ጭቃ ደጅ ለደጅ ሲዞሩ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛም አልዋሸን።

— ከሁሉ የባሰበት ማነው?… መሪጌታ ክብረት?… ቆይ ልሳቅ። ሸዋገነት፣ መሪጌታ ክብረት በጠና ታመዋል ትላለች ወረቀቲቱ።… ባለቤቴ ስትስቅ ሰማሃት? እስቲ ጥያቄውን አንብብልኝ።

— «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል?» ሸጋ። ልጆችህ የመጡት መቼ ነው? የፍልሰታ መፍቻ ዋዜማ። ሰውየው ሁለቱን ሳምንት ከቅዳሴ መልስ ጥሬ ቆርጥመው ነው የከረሙ። ቀጥል።… «ሌሊት ይነቃሉ?» ሰዓታቱን ማን ይቁምልህ?… «ያለቅሳሉ?» በፍልሰታ ያላለቀሰ መቼ ሊያለቅስ ነው?… «የማልረባ ነኝ ብለው ያስባሉ?» አይ ልጄ። ድቁና ከተቀበሉ ጀምሮ «እኔ ኃጥእ፣ እኔ በደለኛ» ሳይሉ ውለው አያውቁም። «እረባለሁ» ያሉህ ቀን ሐኪም ጥራላቸው።

— እና ማክሰኞ ማኪና መጥቶ እሳቸውን ሊጭን ነው? ውጤቱ ከፍ ያለውን ሁሉ፣ ጎንደር፣ ሐኪም ዘንድ? መልካም። ደብሩንም ቆልፋችሁ ቁልፉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀዳሽ የለ አስቀዳሽ የለ።… ጥያቄውን የጻፈው ማነው?… ፈረንጅ። እሱስ ምን ያርግ፣ ፍልሰታን አያውቃት። አንተ ግን የአዘዞ ልጅ… ጾመህ ነበር?… ጨጓራ? እግዜር ይማርህ። ለዚህ ነዋ የጾሙ ነገር ከሐሳብህ የወጣ።

— ሄሎ… ትሰማኛለህ? ጭጋጉ ነው መሰለኝ… አሁንስ?… እ። ከመንደሩ ሁለቴ ተጠይቆ ቃሉ ያልተለዋወጠ አንድ ሰው ብቻ አገኘህ? ማን?… አለነ? ወንድሜ አለነ?… በሐምሌም ምንም የለበት፣ በነሐሴም ምንም የለበት። አስተማሪህ «እምነት የሚጣልበት መልስ ይሄ ነው» አለ።



— ቆይ ወደ ጓሮ ልውጣ፤ እሱ ምድጃው ዳር ነው ያለ።… የሺዋስ፣ አለነ ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ እርፍ አልጨበጠም። እሱ ካልመጣ ሠርጉ አይሞቅም ይባል የነበረ ሰው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ድንቹን አረም ሲበላው ጎረቤቱ በጅጌ ወጥቶ አረመለት፤ እሱ ሊያይ እንኳ አልወጣ። ምን እንዳገኘው አልነገረንም። እኔ በቤቴ ያለውን ገመድ ሁሉ ሸሽጌያለሁ። ለምን እንደሆነ አታስለፍልፈኝ።

— እንዴት ምንም የለበት ተባለማ… ልጅቷ «የምግብ ፍላጎትዎስ?» ስትለው «እግዚአብሔር ይመስገን»። «እንቅልፍዎስ?» «እግዚአብሔር ይመስገን»። «ሞት ይመኛሉ?» «እግዚአብሔር ይመስገን»። እሷም ጎበዝ ናት፣ «የለም»፣ «የለም» እያለች ጻፈች። በሁለተኛውም እንዲሁ።… «ምነው አልተናገርክ?» ትለኛለህ? ልናገር ስል «አባቴ፣ ሌላ ሰው አይገባበትም፣ ሕግ ነው» አለችኛ። ከሕግ ጋር ምን አከራከረኝ።

— ማክሰኞ እሱን ውሰዱልኝ።… ውጤቱ ዜሮ ስለሆነ አይፈቀድም? ጤነኛውን ጫን፣ በሽተኛውን ተው አለቻ ወረቀትህ።… ቢፈቀድስ ይመጣል ወይ? እሱስ እውነትህን ነው። ስንቴ ለምኜው «ደህና ነኝ» ብሎ ይመልሰኛል።

— ቆይማ… የኔስ ውጤት? እኔም እኮ ጿሚ ነበርኩ።… ከመሪጌታ ቀጥሎ? እሰይ። እንግዲህ ማክሰኞ ከሚጫኑት አንዱ እኔ ነኝ። በሽተኛ ደግሞ ያለ አስታማሚ አይሄድም። ይሄንንስ አስተማሪህ ይፈቅዳል?… ይፈቅዳል። ሸጋ። ያዝ፣ እንዳትዘጋው። ወደ ውስጥ ልመለስ።

— አለነ… አለነ፣ እኔን «አሞሃል» ብለውኛል ከጎንደር። ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ታደርሰኛለህ ወይ ወንድሜ?

— የሺዋስ… ተነሣ። ጫማውን እየፈለገ ነው። አለነ፣ ማክሰኞ ነው እኮ፣ ዛሬ አይደለም… «አያ፣ ምንህን ነው ያመመህ?» ይለኛል። እኔ ምን አውቄ፣ ወረቀቱ ነው የሚያውቀው አልኩት።

— እንዳይሰማን ወደ ጓሮ ወጥቻለሁ። ከሐኪሙ በር ስንደርስ እሱ ቀድሞ እንዲገባ እኔ አደርጋለሁ። አንተ ለሐኪሙ አንድ ነገር ንገርልኝ። የመጀመሪያ መልሱን ተቀብሎ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንዳይሮጥ። ትንሽ ዝም ብሎ አብሮት ይቀመጥ። አለነ ዝምታው ሲረዝምበት ነው የሚናገር… እሺ። ማርያም ከአንተ ጋር ትሁን። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይቺን አትርሳብኝ፣ ልጄ።… በል ደህና ዋል።