ከምን ላይ ልቀንስ?

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን የሱቃችን ባልደረቦች፣ ለእኔ የጡረታ ሽኝት ብላችሁ በቅዳሜ ከሰዓት ገበያ በር ስለዘጋችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ብሆን ኖሮ አልዘጋውም ነበር።

ከምስጋናው ቀጥሎ ኑዛዜ አለብኝ። ትናንት የሰጣችሁኝን ሻንጣ ቤቴ ወስጄ ከፈትኩትና፣ በለመደ እጄ ውስጡ የነበረውን የተጨማደደ ጋዜጣ ሁሉ አውጥቼ ጣልኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሻንጣ መደርደሪያ ላይ ቆሞ እንዲያምር ሆዱን በወረቀት ስሞላና ሳራግፍ ኖሬያለሁ፤ በወረቀቱ መካከል ፖስታ ይኖራል ብዬ በምን ልጠርጥር? ገንዘብ ያዧ ዛሬ በጠዋት ደውላ «ጋሼ፣ ትኬቱን ወደዱት?» ባትለኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወስደኝ የአውሮፕላን ትኬቴ የተገኘው ከድንች ልጣጭ ውስጥ ነው። ብትጠጉኝ እስካሁን ይሸታል።

በዚህ ዕድሜዬ ቆሻሻ ውስጥ እጄን የከተተው ምንድን ነው? ቅናት ነው።

እኔ አንድም ቀን አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም። የሸጥኩት ሻንጣ ሁሉ ቀድሞኝ በሯል። ሰው በሰው ይቀናል፤ እኔ በሻንጣ ቀናሁ። ለጥገና ከሚመጡት ሻንጣዎች እጀታ ላይ የአየር ማረፊያውን ተለጣፊ ወረቀት በድብቅ እየላጥኩ ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ እለጥፍ ነበር። አርባ አንድ ከተማ ደርሻለሁ። አትሳቁ፤ ሁለቱ ውቅያኖስ ማዶ ናቸው።

ይኸው ከፊቴ የተቀመጠው የጥገና ክፍሉ ወዳጄ እንኳ በልጁ ሠርግ ሰበብ ሁለት ጊዜ በሯል። «እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ጆሮ ይደፍናል እንጂ ምንም የለውም» አለኝ። ምንም የለውም! ታዲያ ምንም እንደሌለው እኔም ራሴ ባየው ምን ነበረበት?

ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን እናንተ «ዶክተር ጎማ» የምትሉት ደንበኛችን ነው። ሌላው ሰው አንድ ሻንጣ ገዝቶ ዓመታት ይቆያል፤ እሱ በየወሩ የሻንጣውን ጎማ ሊያስቀይር ይመጣል። ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «ዛሬም መጣ። ለሁለት ቀን ስብሰባ ብሎ ውቅያኖስ ተሻግሮ ተመለሰ። ጥሩ ደንበኛ ነው። ምነው ባላየሁት።»

ባለፈው ዓመት ጎማው እስኪቀየር ወንበር ብስብለት፣ ቁጭ ብሎ ያስተምረኝ ጀመር።

«የአውሮፕላን ጭስ ሰማዩን እያሞቀ ዝናቡን እያዛባው ነው። ሁላችንም በረራ መቀነስ አለብን።»

«ሁላችንም?»

«አዎ፣ ሁላችንም!»

«እኔ ከምን ላይ ልቀንስ፣ ዶክተር?»

ሳቀ። ደንበኛ ነውና እኔም ሳቅሁ።

ያለው ነገር ውሸት አይደለም። ምስክሯ ቤቴ ተቀምጣለች። ታላቅ እህቴ የከብቶቿ ኩሬ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሲደርቅባት ጓዟን በሁለት ማዳበሪያ ቋጥራ እኔ ዘንድ መጣች። የሻንጣ ሻጭ እህት በማዳበሪያ! ከዶክተሩ የሰማሁትን ነገርኳት።

«እኛስ ስንቴ በረርን?» አለችኝ።

«አንድም ጊዜ።»

«ታዲያ እነሱ ላጠፉት፣ ዝናቡ እኛን የሚያኮርፈው ምን አድርገነው ነው?»



ያው ነጋዴ ነኝና መደራደር አልተውኩም። ዛሬ ረፋዱ ላይ ዶክተር ለጎማው ሲመጣ ትኬቴን አሳየሁት። «እኔ አንዴ ልወጣ ነው። እርስዎ ደግሞ ከዘንድሮዎቹ አንዷን ይተዉልኝና እንቻቻል» አልኩት።

«የትኛዋን? ሁሉም የግድ ናቸው እኮ!»

ክቡራትና ክቡራን፣ የእኔዋም የግድ ናት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ትኬቱን ለእህቴ ልስጣት ብዬ አስቤ ነበር። ወዲያው በእሷም ቀናሁ። ጠዋት ቆሻሻውን አብራኝ የበረበረችው እሷ ናት፤ ያገኘችውም እሷ ናት። በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ።

«እንካ፣ ያንተ ነው» አለችኝ። «በመስኮቱ በኩል ተቀመጥ። ወደ ባሕሩ ስትሄዱ በእኔ መሬት ላይ ሳታልፉ አትቀሩም። ወደ ታች እይልኝ። ኩሬው ውሃ ከያዘ ከላይ ያብለጨልጫል።»

ስለዚህ እሄዳለሁ። በመስኮቱ በኩል እቀመጣለሁ። ያብለጨለጨ እንደሆነ ሮጬ መጥቼ እነግራታለሁ። ካላብለጨለጨ ምን እንደምላት ግን፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ሳሳምን የኖርኩት ሰውዬ፣ አላውቅም።

እናንተን ጤናና ገበያ አይለያችሁ። ልጆቻችሁ ወደ ላይ ሲያዩ ደመና፣ ወደ ታች ሲያዩ ለምለም መሬት ይግጠማቸው። ዶክተር ሲመጣም ምርቃቴን አድርሱልኝ፦ ጎማው ሳያልቅ ዓመት ይክረምለት። ከልቤ ነው።

የእህቴ ኩሬ ደግሞ ያብለጭልጭ። አሜን በሉኝ።