ሽሮ ያቀዘቀዘ ቃል

ያን ቀን የጮህኩባቸው ሰዎች ይቅር ይበሉኝ። ነፋስ ስልክ አካባቢ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እየሠራሁ ማታ ማታ እማር ነበር። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ወፍራም ዲክሽነሪያቸውን አውሰውኝ፣ «‹ካምፓኒ› የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ነገ ለክፍሉ ታስረዳለህ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ቆሜ መናገር እፈራለሁ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ከማሽኔ ሳልነሣ ዲክሽነሪውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን መፍታት ያዝኩ።

እኛ ጋ ግን ምሳ ብቻውን የሚበላ የለም። ጎን ለጎን የምንሰፋው የስድስታችንም ምሳ ዕቃ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል፤ አንድ ሰው ከጎደለ እጁን የሚዘረጋ አይገኝም። ከሁላችንም ቀድመው ፋብሪካውን የገቡት እትዬ ዘነበች፣ «አንተ! ና እንጂ፣ ሽሮው ቀዘቀዘ!» አሉኝ። «እናንተ ብሉ፣ ሥራ ይዣለሁ» አልኩ። ማንም አልነካም። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠሩኝ ንድድ ብሎኝ፣ «ለአንድ ቀን እንኳ ብትተዉኝ ምናለ!» ብዬ ጮህኩ። ተመልሼም ዲክሽነሪው ላይ አቀረቀርኩ።

ያኔ አገኘሁት። ቃሉ ጥንት ከላቲን የመጣ ነው፤ «አብሮ» እና «ዳቦ» ከሚሉ ሁለት ቃላት። አንድ ዳቦ አብረው የሚበሉ ሰዎች ማለት ነበር። ቀና ስል አምስቱም እጃቸውን ታጥበው፣ ትሪውን ከበው ያዩኛል። አፍሬ ተነሣሁና አጠገባቸው ቆሜ አነበብኩላቸው። እትዬ ዘነበች ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አፌ ውስጥ ከተቱና፣ «ታዲያ ይሄን ለማወቅ ነው ሽሮውን ያቀዘቀዝክብን?» አሉኝ።